የጠፋው የዳሽ አዳ መስታወት

በቤተ መዘክሩ ማኅደር ውስጥ የጠፋው ሳጥን የነበረበት ቦታ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። መደርደሪያው ላይ በስንጥቅ የገባ ስስ አሸዋ ተነስንሷል፤ መካከሉ ላይ ግን አራት ማዕዘን ንጹሕ እንጨት አለ። የባኩ ፖሊስ ሻምበል ሙርሰል ጎንበስ ብሎ አየው፤ በጣቱ ዳር ዳሩን ነካ ነካ አድርጎ ወደ መስኮቱ ሄደ።

መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከሥሩ ያለው ወለል ላይ ግን የአሸዋ ክምር የለም።

«ነፋሱ ነው የከፈተው፣ ኻዝሪ» አለ አሥር አለቃ ቼርኬዝ ከበሩ ላይ ሆኖ። «ከዓርብ ማታ ጀምሮ ያላነሳው ነገር የለም። የአማቴን የዶሮ ቤት እንዳለ አንስቶ ጎረቤት ግቢ አስቀምጦታል።»

«ዶሮዎቹስ?»

«ሰፈሩን ወደዱት መሰል፣ እምቢ ብለው እዚያው ቀሩ።»

ሙርሰል አልሳቀም፤ ግን ደስ ብሎታል። «ኻዝሪ ከፍቶት ቢሆን ይህን ወለል በአካፋ እንጠርገው ነበር። ነፋሱ የቆመው ትናንት እሑድ ቀትር ላይ ነው። መስኮቱ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ሳጥኑም እስከዚያ ድረስ ቦታው ላይ ነበር፤ ያለዚያ እንጨቱ አሸዋ ይለብስ ነበር።»

«እንግዲህ እሑድ ከሰዓት።»

«እሑድ ከሰዓት። በሩ አልተሰበረም። በቁልፍ የገባ ሰው፣ ሲወጣ በነፋስ ሊያሳብብ ፈልጎ መስኮት ከፍቶ ሄደ።»

ሙርሰል ያደገው ባኩ ባለችበት በአብሼሮን ልሳነ ምድር ጫፍ፣ በዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። እዚያ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ነፋሱን ነው፦ ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛው ኻዝሪ ነው ወይስ ከደቡብ የሚመጣው ለስላሳው ጊላቫር? ሙርሰል ነፋስ በማንበቡ የሚኮራውን ያህል በማዕረጉ አይኮራም።

የጠፋው ሳጥን ውስጥ በፊልም ሳይሆን በመስታወት ላይ የተነሱ አንድ ደርዘን የፎቶ ኔጋቲቮች ነበሩ። ያነሳቸው ሟቹ ፎቶ አንሺ ሺርባላ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ዳሽ አዳ የምትባለው የብረት ከተማ በባሕር መካከል ስትመሠረት። ከዚያ በፊት የሰው ልጅ ከወደብ ርቆ፣ ሰፊው ባሕር ላይ ምሰሶ ተክሎ፣ መንገድ ዘርግቶ፣ ቤትና ዳቦ መጋገሪያ ሠርቶ ነዳጅ ሲያወጣ ያየ አልነበረም። በባኩ ይህን የማይናገር ታክሲ ነጂ የለም። የሠላሳኛው ዓመት በዓል ኤግዚቢሽን የሚከፈተው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

* * *

የቤተ መዘክሩ ዳይሬክተር ሩፋት፣ ሁሉም በአክብሮት «ሙዓሊም» የሚለው፣ ወገቡ በቀጠነ ብርጭቆ ሻይ አቀረበ። የበለስ ማርመላታም አስከተለ። ችኩል ሰው ነው።

«ሻምበል፣ ይሄ ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ቁልፍ ያለው እኔና የማኅደሩ ሠራተኛ ዛሪፋ ኻኑም ጋ ብቻ ነው። እኔ እሑድን ሙሉ ሠርግ ላይ ነበርኩ፤ ሦስት መቶ ሰው ስጨፍር አይቶኛል።»

«ጥሩ ይጨፍራሉ?»

«ይጠይቁ» አለ ዳይሬክተሩ፣ ቀልዱ አልገባውም። «እሷስ? ቤቴ ነበርኩ ትላለች፣ ብቻዋን። ምክንያትም አላት። ከኔጋቲቮቹ አንዱ የሰባት ሰዎች ነው። የመጀመሪያውን ምሰሶ ባሕሩ ውስጥ የመታው ቡድን፤ ከግዙፉ የምሰሶ መምቻ መዶሻ ፊት ቆመው። በዓመቱ ክረምት ማዕበል መድረካቸውን ነቅሎ ሰባቱንም ወሰዳቸው። አራተኛው የዛሪፋ ኻኑም ባል ነው።»

«እሺ።»

«ኮሚቴው ፎቶውን ለዋናው ግድግዳ መረጠው። ሰዎቹ ግን አይታዩም። ትንሽ ጉም ይቀባባቸዋል፤ መዶሻውና ምሰሶው ይቀራል።»

ሙርሰል የሻይ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ለምን?»

«በዓል ነዋ! እንግዶች መጥተው 'እነዚህ ጀግኖች ዛሬ የት ናቸው?' ቢሉኝ ምን ልበል? ፎቶ በብሩሽ የሚያስተካክል፣ ሪታች የሚያደርግ ሰው ሁሉ ታዟል። ይህን ሐሙስ ዕለት ነገርኳት። እሑድ ሳጥኑ ጠፋ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይላሉ?»

«እኔ ብሆን አብረን መደርደሪያው ጋ እንሂድ እላለሁ።»

ማኅደሩ ውስጥ ሙርሰል ዳይሬክተሩን ከመደርደሪያው ፊት አቆመው። ሳጥኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ላያቸው ላይ ቁጥር እንጂ ጽሑፍ የለም።

«የተንሳፋፊዋ ክሬን ፎቶዎች ያሉበትን ያውርዱልኝ።»

ሩፋት ሙዓሊም አንዱን ከፈተ፣ ዘጋ። ሌላውን ከፈተ። ሦስተኛውን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ሊያስተኛው ሲል ከጥግ የሴት ድምፅ መጣ።

«አያስተኙት። መስታወት ቆሞ ነው የሚቀመጠው። ከተኛ የላይኛው የታችኛውን ይሰብረዋል።»

ዛሪፋ ኻኑም ከወንበሯ ሳትነሳ ነው የተናገረችው። ጥቁር ሹራብ ለብሳለች፤ ጸጉሯ ወደ ኋላ ተጎትቶ ታስሯል።

«የክሬኗ ከላይ፣ በግራ በኩል ሁለተኛው ነው» አለች።

* * *

ከእሷ ጋር ብቻውን ሲቀር ሙርሰል ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሩፋት ሙዓሊም ሳጥን መርጦ መስረቅ አይችልም» አላት። «የወሰደው ሰው ሌላ አንድም ሳይነካ የፈለገውን አንስቷል። ይህን መደርደሪያ የሚያውቀው ማነው?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ሺርባላ ነበሩ፤ አርፈዋል። ተማሪያቸው አጋሚር ያውቃል፤ የጋዜጣው ፎቶ አንሺ። ግን አጋሚር ከሐሙስ ጀምሮ ዳሽ አዳ ነው። በዚያ ኻዝሪ ጀልባ አልተንቀሳቀሰም።»

«ለራስዎ የማይጠቅም ነገር ይናገራሉ።»

«የጠየቁኝን ነው የመለስኩት።»

«ባለቤትዎን በጉም ሊቀቡት ነበር። ተናደዱ?»

«ተናድጃለሁ። ለዳይሬክተሩም ነግሬዋለሁ። ጸሐፊዋም ሰምታለች፤ ምናልባት ታች ያለው ዘበኛም።»

ሴትየዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ሻምበል፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው እዚህ ስሠራ። ጠዋት በሩን እከፍታለሁ፤ እሱ እዚህ ነው። ማታ እዘጋለሁ፤ እዚህ ነው። ከባኩ መበለቶች መካከል ባሏን ሥራ ቦታው ላይ ስትጎበኘው የምትውል ከእኔ ሌላ ካለች አላውቅም። ወደ ቤት ብወስደው አልጋ ሥር የተደበቀ ዕቃ ነው የሚሆነው። እሱ የኩራት ሰው ነበር። አልጋ ሥር አላስገባውም።»

ሙርሰል ለመጻፍ ያወጣውን እስክሪብቶ ሳይጠቀምበት መልሶ ኪሱ ከተተው።

ሲወጣ ቼርኬዝ ደረጃው ላይ ጠበቀው። «ምን ትላለህ አለቃ? ናት?»

«አይደለችም።»

«በምን አወቅህ?»

«አላወቅሁም። ችግሩ እሱ ነው።»

* * *

አጋሚርን ማክሰኞ ጠዋት የጋዜጣው የፎቶ ማተሚያ ክፍል ውስጥ አገኙት። ስድሳ የተጠጋ፣ ጣቶቹ በፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ቢጫ ቀለም የያዙ፣ ጺሙ ያልተላጨ ሰው ነው።

«ግባ የኔ ልጅ፣ ግባ። ዕቃ እንዳትነካ ብቻ፣ ሁሉም እርጥብ ነው። ያ ጓደኛህ ደግሞ ጢሙን ከፎቶዬ ያርቅ።»

«ከባሕር መቼ ተመለሱ፣ አጋሚር ሙዓሊም?»

«ትናንት፣ በመጀመሪያዋ ጀልባ። ኻዝሪ አግቶን ሰነበትን። የሺርባላ መስታወት ጠፋ የሚባለውን ወደብ ላይ ስደርስ ነው የሰማሁት።»

«እዚያ የነበሩ መሆንዎን የሚመሰክር አለ?»

አጋሚር ሳቅ አለና የዕለቱን ጋዜጣ ዘረጋለት። በፊት ገጽ ላይ አምስት ነዳጅ ቆፋሪዎች በጥጥ የተሞላ የሥራ ኮት ለብሰው፣ የብረት ድልድዩ ላይ ተደግፈው ይስቃሉ። ከኋላቸው ረጅሙ ቱቦ ጫፍ ላይ የጋዝ ነበልባል ይነድዳል። ከሥር «ኻዝሪ ያልበገራቸው፤ ቅዳሜ በዳሽ አዳ» ይላል።

ሙርሰል ጋዜጣውን ወደ መብራቱ አስጠጋ። «ወዴት ዞረው ነው ያነሱት?»

«ወደ ምሥራቅ። ወደ ሰፊው ባሕር።»

ወደ ምሥራቅ ከሆነ ሰሜን በግራ ነው፤ ደቡብ በቀኝ። ነበልባሉ ወደ ቀኝ፣ እስኪተኛ ድረስ ጋድሟል። ከሰሜን የሚገፋው ነፋስ ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ውስጥ ኻዝሪ የነፈሰው ከዓርብ ማታ ወዲህ ብቻ ነው፤ ሐሙስና ዓርብ ቀን ጊላቫር ነበር። ፎቶው ኻዝሪ ከተነሳ በኋላ የተነሳ ነው፤ ኻዝሪ ከተነሳ በኋላ ደግሞ እስከ ሰኞ ጠዋት ከዳሽ አዳ የወጣ ጀልባ የለም።

«ጥሩ ፎቶ ነው» አለ ሙርሰል።

«ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። እኔ አዝራር ነው የምጫነው።»

በሚቆራረጠው የስልክ መስመር ከዳሽ አዳ የተገኘው የቆፋሪዎቹ አለቃም ያንኑ አለ፦ «አጋሚር? አዎ፣ እዚህ ነበር፤ ፎቶ አንስቶናል! ጋዜጣው ወጣ እንዴ? ሁለት ቅጂ ላኩልኝ!»

ቼርኬዝ ስልኩን ዘጋ። «እንግዲህ አንድ ሰው ቀረ።»

ሙርሰል ነበልባሉን በትክክል አንብቧል፤ ሆኖም ዛሬ ንባቡ አላኮራውም፤ ወደ አንዲት ጥቁር ሹራብ ወደ ለበሰች ሴት ነው የመራው።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ዛሪፋ ኻኑም ከሥራ ታገደች። የማኅደሩን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ ኮቷን ለብሳ ወጣች። ጸሐፊዋ አልቅሳለች፤ እሷ አላለቀሰችም። ዐቃቤ ሕጉም ሙርሰልን ጠርቶ ነገ አስሯት ቃሏን በእስር ቤት እንዲቀበል አዘዘው።

«ነገ ሌባ ተብላ ትገባለች» አለ ቼርኬዝ፣ ወደብ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ተቀምጠው። ፊታቸው ትኩስ ቁታብ፣ ሥጋ የተጠቀለለበት ስስ ቂጣ፣ አለ፤ ሙርሰል አልነካውም። «ነፃ ብትወጣ እንኳ ከእንግዲህ ማን ያን ክፍል ይመልስላታል? ትክክል አይደለም አለቃ።»

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

«አንተስ?»

የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም አጎቴ የሚለው ወፍራም ሰው፣ አዲስ ሻይ ይዞ መጣ። ከጀርባው ግድግዳ ላይ የማክሰኞው ጋዜጣ በሚስማር ተሰቅሏል።

«አየኸው? ከመሐል ያለው የእህቴ ልጅ ነው» አለ። «ሠፈር ሁሉ ገዝቶታል። ሚስቱ ብቻ አበላሸችው።»

«ምን አደረገች?» አለ ቼርኬዝ።

«አየችውና ሳቀች። 'ይሄ ሰውዬ የኔን ኮት ለብሶ ነው ባሕር የሄደው' አለች። እንደ ሴት ኮት ነው የተቆለፈው፤ እየው። ልጁ ከባሕር ሲመለስ መሳቂያ መሆኑ ነው።»

ቼርኬዝ አፉ እንደሞላ ሳቀ። ሙርሰል ግን ተነስቶ ጋዜጣው ፊት ቆመ። የመሐለኛውን ኮት አየ። የግራ ጎረቤቱን አየ። ከዚያ ዳር ያለውን። ከዚያ የራሱን ኮት ቁልፍ ነካ፤ ግራው በቀኙ ላይ ነው፣ እንደማንኛውም ወንድ። በፎቶው ላይ ግን የአምስቱም ቀኙ በግራው ላይ ነው።

«ቼርኬዝ።»

«አቤት።»

«አምስት ቆፋሪዎች በአንድ ቀን የሚስቶቻቸውን ኮት ይለብሳሉ?»

«አንዱ ይሆናል፣ ሰክሮ ከሆነ። አምስቱ ግን...» ቼርኬዝ ቁታቡን አስቀመጠ።

«ኮቱ አይደለም የተገለበጠው። ፎቶው ነው። ኔጋቲቩን ገልብጦ አትሞታል። መልሰህ ብትገለብጠው ኮቶቹ ይስተካከላሉ። ነበልባሉስ?»

«ወደ ግራ ይዞራል።»

«ወደ ሰሜን። ጊላቫር ነው። ፎቶው የተነሳው ሐሙስ ነው፤ ወይ ዓርብ ቀን፣ ጀልባ ገና በሚመላለስበት ጊዜ።» ሙርሰል ባርኔጣውን አነሳ። «እኔም እንደ ሕፃን ነበልባሉን አይቼ አመንኩት።»

* * *

አጋሚር ቤቱ በረንዳ ላይ ነበር። ሁለቱን ሲያይ አልተነሳም።

«ሻይ ልጥራላችሁ?»

«ኋላ» አለ ሙርሰል፤ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጣቱን ኮቶቹ ላይ አሳረፈ።

አጋሚር አየውና ሳቀ፤ ደስታ የሌለበት ግን እውነተኛ ሳቅ።

«አምላኬ» አለ። «አርባ ዓመት በዚህ ሥራ።»

«ለምን ገለበጡት? እንዳለ ቢያትሙት ኖሮ ኮቶቹ ደህና ይሆኑ ነበር።»

«እንዳለ? 'ቅዳሜ፣ ኻዝሪ' ብዬ ጽፌ ነበልባሉን ወደ ሰሜን ላስተኛው? በባኩ? ጋዜጣው ሳይደርቅ የዓሣ ነጋዴዎቹ 'ውሸት ነው' ብለው በራችን ላይ ይሰለፉ ነበር። አንተ ራስህ መጀመሪያ የት አየህ?»

«ነበልባሉን።»

«ይኸው።»

«ነፋሱን አስተካክለው ሰዎቹን ገለበጧቸው፣ አጋሚር ሙዓሊም። የሌላ አገር ሰው ቢሆን እንዳለ ይተወውና በነበልባሉ እይዘው ነበር፤ እርስዎን ግን ኮቱ ያዘዎ።»

ሽማግሌው ገብቶ ሳጥኑን ይዞ መጣ። እንደ ሕፃን ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ቀጥ አድርጎ ነው የያዘው።

«ዓርብ ቀን በጎታች መርከብ መጣሁ፤ ተሳፋሪ የሚመዘግብ የለም። ቁልፉ የሺርባላ ነው፤ ማኅደሩን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ ሲሞቱ ለእኔ ተዉልኝ፣ ማንም አላስታወሰውም። ጉሙን እንድቀባ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፣ አወቅህ? ሐሙስ ጠዋት፣ ወደ ባሕር ከመሄዴ በፊት ጠሩኝ። ከአንተ የተሻለ እጅ የለም አሉኝ።»

«እምቢ ማለት ነበር።»

«እምቢ ብል ሌላ ይቀባዋል፤ ያውም ክፉ አድርጎ። ሺርባላ ያን መስታወት ሲያነሱ እኔ እግሮቻቸውን ይዤ ነበር፤ ባሕሩ እየመታን። መዶሻው ሥራ ሲያቆም ሰባቱ ተሰለፉ። ምሰሶው ቆመ እኮ! ባሕር ላይ! እነዚያን ሰዎች በእኔ ብሩሽ? በዓሉ ሲያልፍ ልመልሰው ነበር።»

«እስከዚያ ዛሪፋ ኻኑም ሌባ ትባል?»

አጋሚር የሳጥኑን ክዳን በእጁ ጠረገ።

«ሩፋት ፈርቶ ነገሩን ያፍነዋል ብዬ ነበር» አለ። «መስኮቱንም ለዚያ ነው የከፈትኩት፤ ኻዝሪ ይመለሳል ብዬ። አልተመለሰም። ትናንት እንደጠረጠሯት ሰማሁ። ዛሬ እንደታገደች ሰማሁ። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ተቀምጬ ወደ እናንተ ልመጣ ጫማዬን አደርግና መልሼ አወልቃለሁ።»

ሙርሰል ከሳጥኑ አንዱን መስታወት በጠርዙ ይዞ ወደ ሰማይ አነሳው። ኔጋቲቭ ስለሆነ ባሕሩ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ነው። ሰባት ሰዎች ከመዶሻው ፊት ቆመዋል፤ ፊታቸው እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ የመዶሻው ብሎኖች አንድ ባንድ ይቆጠራሉ። አንዳቸውም አይስቁም። ይህን ነገር እኛ አደረግነው ብለው የቆሙ ሰዎች አቋቋም ነው።

ቼርኬዝም አንገቱን አስረዝሞ አየ፤ ባርኔጣውንም አወለቀ።

* * *

ሐሙስ ጠዋት፣ ሙርሰል ወደ ማኅደሩ ያስጠራት ዛሪፋ ኻኑም መስታወቶቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሳች መረመረች። የተሰነጠቀ የለም። ሙርሰልና ቼርኬዝ በሩ ጋ ቆመዋል፤ አጋሚር በመካከላቸው ነው።

«ሌባ ተባልኩ፣ አጋሚር» አለች ሳትዞር።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም።»

የመጨረሻውን መስታወት በቦታው አቆመች። ወዲያው ሩፋት ሙዓሊም እየተጣደፈ ገባ።

«ተገኘ? እግዜር ይስጥልን! ሻምበል፣ ውለታዎ አለብኝ። በሉ አሁን ጊዜ የለም፤ ሰባቱን ስጡኝ፣ ሌላ ሪታች አድራጊ አግኝቻለሁ።»

«አይቻልም» አለ ሙርሰል።

«እንዴት አይቻልም?»

«በወንጀል ምርመራ ላይ ያለ ማስረጃ ነው። በብሩሽ የነካው ሰው ማስረጃ በማጥፋት ይከሰሳል።»

«ሌባው ተይዟል እኮ!»

«ተይዟል። መዝገቡ ግን አልተዘጋም። እኔ ቀርፋፋ ጸሐፊ ነኝ፤ ቼርኬዝ ደግሞ ከእኔ ይብሳል።»

«በጣም» አለ ቼርኬዝ።

«ዋናውን ግድግዳ ምን ላልብሰው? ኮሚቴው—»

«እንዳለ ማተም ይቻላል። በፖሊስ ፊት፣ ምንም ሳይነካ። ኮሚቴው ቅር ካለው ለዐቃቤ ሕግ ይጻፍ፤ ከበዓሉ በኋላ መልስ ያገኛል።»

ሩፋት ሙዓሊም የዛሪፋ ኻኑምን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ።

ቁልፉን ወዲያው አላነሳችውም። መጀመሪያ ወደ ጨለማው ክፍል በር ሄዳ መጋረጃውን ገለጠች።

«ግድግዳ የሚያክል የፎቶ ወረቀት ብቻዬን ማጠብ አልችልም» አለች። «ሻምበል፣ እስረኛዎን ያውሱኝ።»

«ይውሰዱት።»

«ውሃውን አሙቀው፣ አጋሚር። መድኃኒቱ በቀዝቃዛ አይሠራም።»

አጋሚር እጅጌውን ሰብስቦ ተከተላት።

* * *

በመክፈቻው ቀን ፎቶው ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላው። እንግዶቹ እየሳቁና እያወሩ ገብተው እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀንስ ነበር። ሙርሰል የክብር ልብሱን ለብሶ፣ ማስረጃ የሚጠብቅ ፖሊስ መስሎ ከጎኑ ቆሟል።

ከሩቅ አገር የመጡ ባለ ነጭ ጸጉር የመርከብ መሐንዲስ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ።

«እነዚህ ሰዎች ማን ይባላሉ?»

ሩፋት ሙዓሊም አፉን ከፈተ። ስማቸውን አያውቅም። ዞር ዞር ብሎ ከግድግዳው ጥግ ጥቁር ሹራቧን አየ።

«ዛሪፋ ኻኑም... እባክዎ።»

መጥታ ከፎቶው ፊት ቆመች። ከግራ ጀምራ ስማቸውን ጠራች፦ ባላካርዳሽ፣ ኢቫን፣ ሙታሊብ፣ ሰፈር፣ ጋርኒክ፣ አጋዳዳሽ፣ ነስሩላህ። አራተኛውን፣ ባሏን፣ በተራው ጠራችው፤ ድምፅዋ ላይ ለውጥ አልነበረም።

«ዛሬ የት ናቸው?» አሉ መሐንዲሱ። «ባገኛቸው እወድ ነበር።»

ዳይሬክተሩ ወለሉን አየ።

«ባሕር ውስጥ ናቸው» አለች ዛሪፋ ኻኑም። «በተከታዩ ክረምት ሰጠሙ። የመቱት ምሰሶ ግን እንደቆመ ነው። ዛሬ ጠዋትም ከላዩ ነዳጅ ወጥቷል።»

መሐንዲሱ መነጽራቸውን አወለቁ። እሷም እጇን ወደ ቀጣዩ ግድግዳ ዘረጋች።

«የሚቀጥለው የተንሳፋፊዋ ክሬን ነው። በዚህ በኩል ይምጡ።»

ከእንግዶቹ የተከተላት አልነበረም፤ ሁሉም ሰባቱ ፊት እንደቆሙ ነበሩ። እሷም አልቸኮለችም፤ እጇን አውርዳ ጠበቀቻቸው።